ምዕራፍ ሰባት፦ ውሃ የገባበት ጭስ ማውጫ

ጭስ ማውጫ ከምድጃ የሚነሣውን ጭስ፣ ትኩስ አየርና እንፋሎት ተቀብሎ ከጣሪያ በላይ የሚለቅ ቱቦ ነው። በየዕለቱ እሳት የሚነድበት ጭስ ማውጫ ውስጡ እየሞቀና እየደረቀ ስለሚውል ሻጋታ አይይዘውም፤ ቢሸትም የሚሸተው ጭስ ጭስ ብቻ ነው። ቢቸናና ሞጣ በሚገኙበት የምሥራቅ ጎጃም ደጋ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቀው ዝናብ፣ የሌሊቱ ብርድና እሳት አንድ ቀን ነድዶ ሌላ ቀን የማይጫርበት የከተማ ማድቤት ሲገጣጠሙ፣ ቱቦው ይቀዘቅዛል፣ ውሃ ይይዛል፣ ውሎ አድሮም ይሻግታል፣ ይከረፋል። የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብ የችግሩ ሥር ውሃ መሆኑንና፣ ጥላሸቱን ከመጥረግም ሆነ ቤቱን ከማጠን በፊት ውሃው የሚገባበትን መንገድ ፈልጎ መድፈን እንደሚገባ ማስረዳት ነው።

ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ

የቀድሞው የሣር ክዳን ቤት ጭስ ማውጫ አልነበረውም። ከሦስቱ ጉልቻ የሚነሣው ጭስ ወደ ላይ ወጥቶ በሣሩ መሐል እየተጣራ ቀስ ብሎ ከቤት ይወጣ ነበር፤ በመንገዱም እንጨቱንና ሣሩን ያደርቃል፣ ተባይ ያርቃል፣ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን የዘር በቆሎም ከነቀዝ ይጠብቃል። በጣሪያው ውስጠኛ ገጽ ላይ ተጋግሮ የሚንጠለጠለው ጥቁር ነገር ጥቀርሻ የሚባለው ሲሆን፣ ሳይነድ የቀረ ካርቦን፣ ሬንጅ መሰል ዝቃጭና ብናኝ አመድ የተቀላቀሉበት በመሆኑ ሻጋታ በቀላሉ አይበቅልበትም። ለዚህ ጥቅም ይከፈል የነበረው ዋጋ ግን ከባድ ነው፤ ጭሱን ሲተነፍሱ የሚውሉት በማጀት ያሉት ሴቶችና ሕፃናት ናቸውና። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል፤ በኢትዮጵያም በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ10 አባወራዎች ከ9 የማያንሱት በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰሉት እንደሚያበስሉ አሳይቷል።

ቤቱ ቆርቆሮ ሲለብስ የአየሩ ጠባይ ይለወጣል። ቆርቆሮ እንደ ሣር ጭስ አያሳልፍም፣ እርጥበትም አይመጥም፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ በቤት ውስጥ ያለው እንፋሎት በውስጠኛው ገጹ ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ያለው ክፍተት በጭቃ ሲመረግ፣ ወይም ከሥሩ የአቡጀዴ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ ሲወጠር ጭሱ መውጫ ያጣል፤ ስለዚህም ከላሜራ የተጠቀለለ ቱቦ፣ የሸክላ ወይም የሲሚንቶ ቧንቧ፣ አልፎ አልፎም በብሎኬት የተገነባ መተላለፊያ ያስፈልጋል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በኢትዮጵያ የኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል የተነደፈው ምርጥ ምድጃ፣ ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ ወይም ከፑሚስ እየተቀረጸ የሚገጣጠም የእንጀራ ምድጃ ሲሆን፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን ወደ ግማሽ ያህል በመቀነሱ በሰፊው ታውቋል። ይሁን እንጂ ከምጣዱ ሥር የሚወጣው ትኩስ ጭስ በስተኋላ ሌላ ድስት አሙቆ እዚያው ማድቤት ውስጥ የሚለቀቅ ከሆነ፣ ማገዶ ይቆጥባል እንጂ ጭሱን ከቤት አያስወጣም፤ ለዚያ ቱቦ ሊቀጠልለት ይገባል።

የመጨረሻው ለውጥ ኤሌክትሪክ ነው። በከተማ መብራት ሲኖር በኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ሲጠፋ በእንጨት የሚጋገርበት ቤት በርካታ ሲሆን፣ በዚህ ቤት ያለው ጭስ ማውጫ ለሳምንታት ሳይሞቅ ይቆይና በድንገት ለአንድ ቀን ብቻ እርጥብ ጭስ ይቀበላል። ሽታና ሻጋታ የሚበረቱት በዚህ ዓይነቱ ቱቦ ላይ ነው።

ውሃው የሚመጣባቸው ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ዝናብ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ስለሚሆን ስሌቱ ቀላል ነው። በዓመት 1000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ሥፍራ የ15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክዳን አልባ ቱቦ በአፉ ብቻ ወደ 18 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይቀበላል፤ ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት ጥቂት የቀረው ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን ቱቦው ጣሪያውን በሚበሳበት መጋጠሚያ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ከቱቦው በላይ ባለው ተዳፋት ላይ የወረደው ዝናብ በሙሉ እየተንደረደረ ቱቦውን ይመታል። ያ የተዳፋት ክፍል 15 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ርዝመት አለው ቢባል፣ በዓመት 450 ሊትር ውሃ መጋጠሚያው ላይ ይደርሳል ማለት ነው፤ በአፍ ከሚገባው 25 እጥፍ ነው። ስለዚህ ቆብ አስደፍቶ መጋጠሚያውን የረሳ ሰው ትንሹን ቀዳዳ ዘግቶ ትልቁን ክፍት ተወ ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ማገዶው ራሱ ነው። ፍጹም የደረቀ 1 ኪሎ ግራም እንጨት እንኳን ሲነድ በውስጡ ያለው ሃይድሮጂን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ያወጣል፤ አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ደግሞ ከክብደቱ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ውሃ ነው። ተመሳሳይ የእንጨት መጠን ለማንደድ ሲባል በአየር ከደረቀ ፍልጥ ይልቅ እርጥቡን የሚጠቀም ሰው ወደ ቱቦው የሚልከውን እንፋሎት እጥፍ ያህል ያሳድገዋል፤ እሳቱም ውሃውን ለማትነን ሙቀቱን ስለሚያባክን ጭሱ ቀዝቅዞ ይወጣል። ክረምት ገብቶ ኩበቱም ጭራሮውም ሲረጥብ ጭሱ ወፍራም፣ ጥቀርሻውም ተጣባቂ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው መንገድ የማድቤቱ እንፋሎት ነው። አክንባሎው በተነሣ ቁጥር ከእንጀራው የሚወጣው፣ ከድስትና ከጀበና የሚነሣው እንፋሎት ወደ ቱቦው ይሳባል፤ የቱቦው ግድግዳ ቀዝቃዛ ከሆነም እዚያው ወደ ጠብታ ይለወጣል። እንፋሎት በቀዝቃዛ ገጽ ላይ ተመልሶ ውሃ የመሆኑ ሂደት ጤዛ መቋጠር ይባላል። ከጣሪያ በላይ ወጥቶ ነፋስ የሚመታው የላሜራ ቱቦ ጫፍ ከሁሉ ቀድሞ የሚቀዘቅዝ በመሆኑ፣ ጠብታው ከዚያ ተነሥቶ ጥቀርሻውን እያጠበ በቱቦው ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል፤ በግድግዳውም ላይ ቡና የመሰለ ጅረት ሠርቶ ይታያል።

ከፍታ የጭሱን መሳብ እንዴት ያዳክመዋል?

ጭስ ማውጫ የሚሠራው ትኩስ አየር ከቀዝቃዛው ስለሚቀልል ነው። በቱቦው ውስጥ ያለው ቀላል አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከሥሩ ሌላ አየር ይተካል፤ ይህ የመሳብ አቅም በሦስት ነገሮች ማለትም በቱቦው ቁመት፣ በጭሱና በውጭው አየር የሙቀት ልዩነት እንዲሁም በአየሩ ጥግግት ይወሰናል። ቢቸናና ሞጣ ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ በዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በቱቦው ውስጥ 100፣ በውጭ 15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢሆን፣ 3 ሜትር ቁመት ያለው ቱቦ በባሕር ጠለል ላይ 8 ፓስካል ያህል የመሳብ አቅም ሲኖረው በቢቸና 6 ፓስካል ብቻ ይኖረዋል። ፓስካል የግፊት መለኪያ ሲሆን፣ 6 ፓስካል ማለት ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ውፍረት ያለው የውሃ ንጣፍ የሚያሳድረው ጫና ነው። እንዲህ ያለውን ደካማ ኃይል የአንዲት ወፍ ጎጆ፣ የተጠማዘዘ ቱቦ ወይም ጭሱን ቀድሞ የሚያበርድ ስስ ላሜራ በቀላሉ ያሸንፈዋል። በባሕር ጠለል 3 ሜትር የሚበቃው ቱቦ በዚህ ደጋ ወደ 4 ሜትር ሊዘልቅ ይገባል፤ ጫፉም በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ማንኛውም የጣሪያ ክፍል ቢያንስ በ60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ይህ ካልሆነ በጣሪያው ጫፍ ላይ የሚጠማዘዘው ነፋስ ጭሱን መልሶ ይጭነዋል።

እሳት በሌለበት ጊዜ ደግሞ ሒሳቡ ይገለበጣል። ሌሊቱን የቀዘቀዘው ቱቦ ውስጥ ያለው አየር ከውጭው ከከበደ ወደ ታች ይፈስሳል፤ የረጠበውን ጥቀርሻ ሽታም ይዞ ማድቤት ይገባል። ረፋድ ላይ ውጭው ሲሞቅ ሽታው ከምድጃው አፍ የሚበረታው ለዚህ ነው።

ሽታን መለየት

መድኃኒቱ የሚመረጠው ሽታው ከተለየ በኋላ ነው። የሚጎመዝዝ፣ እንደ ሬንጅ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ የረጠበ ጥቀርሻ ምልክት ሲሆን፣ በተለይ ከዝናብ በኋላ ይበረታል። አፈር አፈር፣ እንደ ከረመ ጭድ የሚል የታፈነ ሽታ የሻጋታ ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከቱቦው ውስጥ ሳይሆን ከሥሩ ካለው የጭቃ ምርጊት፣ ከኮርኒሱ ወይም ከአጠገቡ ካለው እንጨት ይመጣል። የበሰበሰ ሥጋ የሚመስል፣ በቀናት ውስጥ እየከፋ ሄዶ በሳምንታት የሚጠፋ ሽታ ደግሞ በቱቦው ውስጥ የሞተ ወፍ ወይም አይጥ መኖሩን ያመለክታል።

ፍተሻው ሁለት ርካሽ ዕቃዎች ይበቁታል። እሳት በሌለበት ሰዓት የበራ ሰንደል ከምድጃው አፍ አጠገብ ሲያዝ፣ ጭሱ ወደ ቱቦው ከገባ አየሩ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ወደ ቤት ከተመለሰ ደግሞ ወደ ታች እየወረደ ነው። በእጅ ባትሪ ወደ ላይ ሲታይም ጥቀርሻው ደብዛዛና ዱቄት መሰል ከሆነ በመጥረጊያ ይረግፋል፤ ጥቁር ቀለም እንደተቀባ የሚያብረቀርቅና የሚያጣብቅ ከሆነ ግን ቱቦው ከመጠን በላይ እየቀዘቀዘ፣ ማገዶውም እየረጠበ መሆኑን ያሳያል። ይህ የሚያብረቀርቅ ዓይነት ተቀጣጣይ ነው፤ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ሊወገድ ይገባዋል፤ አለዚያ በአንድ ኃይለኛ እሳት ቱቦው ውስጥ ሊነድ ይችላል።

ሻጋታው የሚበቅልበት ስፍራ

ሻጋታ ስፖር በሚባሉ ደቃቅ ዘሮች የሚራባ ፈንገስ ሲሆን፣ እነዚህ ዘሮች በአየር ውስጥ ሁልጊዜ ስለሚኖሩ ማጥፋት አይቻልም። ለመብቀል የሚፈልጉት ምግብና እርጥበት ነው። በእነዚህ ከተሞች ቤቶች ምግቡ ቅርብ ነው፤ ምርጊቱ ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ የተለሰነ በመሆኑ፣ ውሃ ሲያገኝ ጭዱ ይሻግታል፤ ማገሩና ኮርኒሱም እንዲሁ። እንዲህ የረጠበ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታው ሥር መያዝ ይጀምራል።

በቢቸና ዙሪያ ያለው አፈር ችግሩን የሚያባብስበት መንገድ አለው። ዋልካ የሚባለው ጥቁር ሸክላማ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ በሰፊው ይሰነጠቃል። በዚህ አፈር ላይ ያለ በቂ መሠረት የተተከለ ምድጃና ጭስ ማውጫ በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል የሸክላው ወይም የብሎኬቱ መገጣጠሚያ ይላቀቃል፤ በስንጥቁም ጭስ ወደ ቤት፣ ውሃ ወደ ቱቦ ይገባል። የጥቀርሻ ውሃ አሲድነት ስላለው ደግሞ የላሜራውን የዚንክ ሽፋን ይበላል፤ ዝገቱም ቀዳዳ ይሆናል። አንዱ ጉዳት ሌላውን እየጠራ የሚሄደው በዚህ አኳኋን ነው።

የጥገናው ቅደም ተከተል

መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ያለው ይሠራል። ቆቡ ከቱቦው አፍ በ15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ዝናቡን ከልክሎ ጭሱንም ያፍነዋል። ወፍ እንዳይገባ በዙሪያው ወንፊት ሽቦ ሲታሠር ቀዳዳው ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይጠጋ፤ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ሽቦ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በጥቀርሻ ይደፈናል።

መጋጠሚያው ከሁሉ የላቀ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተለመደው ስሕተት በቱቦውና በቆርቆሮው መካከል ያለውን ክፍተት በጭቃ ወይም በሲሚንቶ መለሰን ነው፤ ላሜራ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሸበሸባል፣ ሲሚንቶው ግን አብሮት ስለማይንቀሳቀስ ከአንድ ክረምት በፊት ይሰነጠቃል። ትክክለኛው አሠራር በያጁ መሐሉ የተበሳ የላሜራ ሰሌዳ እንዲያዘጋጅ ማድረግ ሲሆን፣ የሰሌዳው የላይኛው ጠርዝ ከበላይ ባለው ቆርቆሮ ሥር ይገባል፣ የታችኛው ጠርዝ ደግሞ ከበታች ባለው ቆርቆሮ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በላይ ቱቦውን እንደ አንገት ጌጥ የሚከብብ ቀለበት ይበየዳል። እንዲህ ሲደረግ ውሃው በራሱ ክብደት ወደ ታች ይፈስሳል እንጂ ወደ ውስጥ የሚገባበት አያገኝም። ቱቦው ከማንኛውም እንጨትና ኮርኒስ ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ በሣር ክዳን ውስጥ የላሜራ ቱቦ ማሳለፍ ደግሞ ቤቱን ለእሳት መስጠት ነው።

ጣሪያው ከተስተካከለ በኋላ ወደ ማገዶው መምጣት ይገባል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ወቅት የተፈለጠ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የተደረደረና ከላይ የተከደነ እንጨት ለክረምት ይደርሳል። መጥረግም የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው፤ እሳቱ ጠፍቶ ቱቦው ፍጹም ከቀዘቀዘ በኋላ የምድጃው አፍ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በረጅም ዘንግ ጫፍ በታሠረ ጠንካራ መጥረጊያ ከላይ ወደ ታች ይጠረጋል። ጠራጊው አፍንጫና አፉን መሸፈን፣ ሥራው ሲያልቅም ገላውን መታጠብና ልብሱን መለወጥ አለበት። እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1775 እ.ኤ.አ. የለንደን ጭስ ማውጫ ጠራጊዎችን ካንሰር ከጥላሸት ጋር ማያያዙ፣ በሥራ ምክንያት የሚመጣ ካንሰር ከታወቀባቸው የመጀመሪያ አጋጣሚዎች አንዱ ነው።

ሻጋታ የያዘው ምርጊት በላዩ ላይ መድኃኒት ቢረጭበት አይድንም፤ ፈንገሱ ከጭዱ ጋር ውስጥ ለውስጥ ስለሚያያዝ ተፍቆ ይወገድ፣ ከሥሩ ያለው ይድረቅና በአዲስ ጭቃ ይመረግ። በላዩ ኖራ መቀባት ጠቃሚ ነው፤ ኖራ እጅግ አልካሊ በመሆኑ ሻጋታ አይመቸውም። ጠንካራና ውሃ የማይመጥ ገጽ ላይ ለሚታይ ሻጋታ 1 ብርጭቆ በረኪና በ16 ብርጭቆ ውሃ ተበርዞ ይበቃል፤ በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር ማደባለቅ ግን መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር ፈጽሞ አይደረግም፤ ላሜራም ስለሚያዝግ ቱቦው ውስጥ አይፈስስም።

ስለ ማጠንና ስለማይሸተው አደጋ

በወይራ፣ በእጣን ወይም በቀበሪቾ ቤት ማጠን የአካባቢው የቆየ ልማድ ነው፤ ጠረኑም ደስ ያሰኛል። የረጠበውን ጥቀርሻ ግን አያደርቅም፣ የሻገተውንም ጭድ አያስወግድም፤ በርና መስኮት ተዘግቶ ሲታጠንም በአየሩ ላይ ተጨማሪ ብናኝ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት መኖር ከአስምና ከሌሎች የመተንፈሻ አካል ሕመሞች ጋር እንደሚያያዝ ገልጾ፣ መፍትሔው እርጥበቱን ከምንጩ ማስወገድ መሆኑን አስቀምጧል።

ከሽታው የሚብሰው ሽታ የሌለው ነው። ጭስ ማውጫ በወፍ ጎጆ ወይም በረገፈ ጥቀርሻ ሲደፈን፣ በደንብ ያልነደደ ማገዶ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ወደ ቤት ይመለሳል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ በቅድሚያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ፣ ቀጥሎም ራስን መሳት ያስከትላል። ቤት ዘግቶ የከሰል ምድጃ አጠገብ የተኛ ሰው የሚሞተውም በዚሁ ጋዝ ነው። ስለዚህ እሳት ሲነድ ጭሱ ወደ ቤት የሚመለስበት ቱቦ እስኪጠረግ ድረስ ሥራ ላይ መዋል የለበትም፤ ራሱን ያመመው ሰውም ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ።

የዓመቱ ሥራ

ቆቡ፣ መጋጠሚያውና ብየዳው የሚታዩት ግንቦት ላይ ዝናቡ ሳይገባ ነው፤ የተቀረው ጊዜ ለመጠገን ስለሚበቃ። በሐምሌና በነሐሴ፣ ምንም የሚበሰል ባይኖር እንኳን፣ በደረቅ ፍልጥ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ለአንድ ሰዓት ያህል እሳት ማንደድ ቱቦውን ያደርቀዋል። የምርጊትና የኖራ ሥራ በጥቅምትና በኅዳር ቢደረግ ፀሐዩና ነፋሱ ጭቃውን ቶሎ ያደርቁታል። ቤተሰቡ ሙሉ በሙሉ ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ከተሻገረ ግን ቱቦውን እንዲሁ ትቶ ማቆየት አይበጅም፤ ወይ ተነቅሎ ጣሪያው በአዲስ ቆርቆሮ ይዘጋ፣ ወይ ከላይ በቆብ ተከድኖ ከታች አየር ማስተላለፊያ ትንሽ ቀዳዳ ይተውለት። ጥገናው ተደርጎለት አንድ ሙሉ ክረምት ካለፈ በኋላ የሚሸት ጭስ ማውጫ ካለ፣ እንደገና መጠረግም ሆነ መታጠን አያስፈልገውም፤ ውሃው የሚገባበት ሌላ መንገድ አልተዘጋምና ፍተሻው ከጣሪያው መጋጠሚያ እንደገና ይጀመር።